አሥር ሰው ብቻ የሚገባበት ደሴት

ዝርዝር መጻፍ እወዳለሁ። ጉራ አይደለም፣ አመል ነው። ገበያ የምሄደው በዝርዝር ነው፤ ሻንጣ የማዘጋጀው በዝርዝር ነው። አንድ ጊዜማ የተቀየምኳቸውን ሰዎች ሁሉ ጽፌ ነበር፤ እየታረቅሁ ስሰርዝ ስሰርዝ አሁን ሁለት ብቻ ቀርተውኛል። ስለዚህ እኛ ትምህርት ቤት ስብሰባ ሲጠራ «ጸሐፊ ማን ይሁን?» ተብሎ አይጠየቅም። ሁሉም ዞር ብሎ እኔን ያያል።

የደሴቱ ጉዞም የተወለደው ከስብሰባ ነው፤ ያውም «ልዩ ልዩ» ከሚለው አጀንዳ። ጥር ሊያልቅ ሲል የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና አርመን ጨርሰን፣ የአሶሳ ሙቀት አናታችንን እያዞረው ተቀምጠናል። ሰብሳቢው «ሌላ ልዩ ልዩ ያለው?» ሲል የስፖርት መምህሩ እጁን አወጣ። ይህ ሰው ባምባሲ የተወለደ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነው። ፊሽካውን ከአንገቱ አያወልቅም፤ ሠርግ ላይ እንኳ በከረባቱ ስር አይቼዋለሁ።

«ኧረ እኔ የምለው፣» አለ፣ «ያንን ሐይቅ ሳናይ እንሙት እንዴ? ደሴቷ ድረስ ደርሰን እንምጣ!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። በሰባት የአሶሳ ዓመቴ መምህራን በአንድ ድምፅ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ሐይቁ ገና አልነበረም። ወንዙ ከተገደበ በኋላ ውሃው ወደ ኋላ እየተኛ ቆላውን ሸፈነው፤ በዚያ የነበሩት መንደሮችም ከፍ ወዳለው ቦታ ተነሥተው ሰፈሩ። ከአንዱ ኮረብታ ግን ጫፉ ብቻ ከውሃው በላይ ቀረ። ማንጎ ያለባት፣ ወፍ የሚፈለፈልባት ትንሽ ነገር ናት አሉ። የአካባቢው ሽማግሌዎች «ይህችን እንኳ ማንም እንዳይነካብን» ብለው ጠየቁ፤ ወረዳውም ተስማማ። ከዚያ ወዲህ እዚያ እንጨት መቁረጥ፣ እሳት ማንደድ፣ ፍየል ማሻገር፣ በዳርቻዋ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው። ፌስታል ይዞ መግባትም አይቻልም። እንግዳ ደግሞ በቀን ከአሥር ሰው አይበልጥም፤ እሱም የአሥሩ ስም በደብዳቤ ተጽፎ፣ ማህተም ተመትቶበት፣ ቀደም ብሎ ወረዳው ዘንድ ሲደርስ ነው።

ይህን ሕግ ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ዝርዝር የሚጠይቅ ደሴት! ለእኔ የተፈጠረ መሰለኝ።

ወዲያው አንድ ወረቀት በስታፍ ክፍሉ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መሄድ የሚፈልግ ስሙን ጻፈ፤ ከዚያ ዕጣ ተጣለና አሥር ሰው ወጣ። የእኔም ስም ወጣ። በአገራችን ደንብ አሥር ሰው ያለ ኮሚቴ ወንዝ አይሻገርምና ኮሚቴ ተቋቋመ። የምግብ ንዑስ ኮሚቴ፣ የትራንስፖርት ንዑስ ኮሚቴ፣ የዲሲፕሊን ንዑስ ኮሚቴ፣ የሙዚቃ ንዑስ ኮሚቴ። ሥራው ሁሉ ተከፋፍሎ ሲያልቅ ከአሥሩ ሰው ተራ ተጓዥ የሚባል አንድም ሰው አልተገኘም። የስፖርት መምህሩ ዋና ሰብሳቢ ሆነ፤ ፊሽካ አለዋ።

የምግብ ንዑስ ኮሚቴ ብቻውን ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። አንዱ በግ ይታረድ አለ። «ማን ይረደው?» ሲባል እርስ በርስ ተያየን፤ ግማሾቻችን ሙስሊም ግማሾቻችን ክርስቲያን ነን፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። «ሁለት በግ እንረድ» ሲባል ደግሞ የሂሳብ መምህሩ፣ ከሆሞሻ የመጣ የበርታ ልጅ፣ በዚያ በረጋ ድምፁ «እሳት ክልክል ነው እኮ። ጥሬውን ልትበሉት ነው?» አለ። «እንግዲያው ዓሣ!» ተባለ። እሱም ክልክል ነው። በመጨረሻ ዳቦ፣ ቅቅል እንቁላል፣ የተቆላ ለውዝና ሻይ በፔርሙዝ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ጸደቀ። ሦስት ስብሰባ ለእንቁላል! አንዷ መምህርት ግን አርብ አይደለም ቅዳሜ ነው አይደል ብላ ሁለት ጊዜ አስምላኛለች፤ እሷ በጾም ነገር ቀልድ አታውቅም።

እንግዲህ ኮሚቴው ይህን ያህል ሲለፋ እውነተኛውን ዕቅድ ያወጣው ሌላ ሰው ነው። የትምህርት ቤታችን በር ላይ የሚቀመጡ ዘበኛ አሉ፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛ የተማሩት በገበያና በሥራ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ፣ ማንም አይቀየማቸውም። የተወለዱት በዚያ በቆላው ነው። ጥያቄ ባነሣሁ ቁጥር ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ እቀመጥና እጠይቃቸው ነበር።

«አባባ፣ በስንት ሰዓት ብንደርስ ይሻላል?»

«ጠዋት። ጠዋት ውሃ ይተኛል። ከሰዓት ንፋስ መጣ፣ ውሃ ተነሣ፣ ጀልባ ጨፈረ፣ አንተ አለቀስክ።»

ጻፍኩ። ከሆሞሻ ወዲያ መንገዱ የት የት እንደሚከፋ፣ ነጠላ ጫማ እንዳይደረግ፣ ውሃ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ ጀልባው ላይ ማን መሐል ማን ዳር እንደሚቀመጥ፣ ሁሉን ነገሩኝ። አንድ ቀን ኮረብታውን ራሱን እንዲስሉልኝ ለመንኳቸው። በዱላቸው አቧራው ላይ ሳሉት። እዚህ ማንጎ፣ እዚህ አለት። ከዚያ ጫፉ ላይ ዱላውን አቆሙ።

«እዚህ ሚስቴ ተቀበረ» አሉኝ። «ውሃ ሳይመጣ በፊት። ከዚያ እኔ አሶሳ መጣሁ፣ ልጄ ጋ። እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«ውሃው እዚያ አልደረሰም እኮ አባባ፣ ጫፉ ደህና ነው።»

«ይላሉ» አሉ። «ዓይኔ አላየም።»

በጣም አዘንኩ። አዝኜም ምን አደረግሁ? «ጫፉ ላይ መቃብር አለ፣ ጫማ አውልቆ በጸጥታ ማለፍ» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ አመሰገንኳቸውና ወደ ክፍል ገባሁ።

ደብዳቤው በመጀመሪያው ሳምንት ተጽፎ፣ ማህተም ተመትቶ ሄደ። የአሥራችን ስም በእጄ ጽሑፍ ተለቅሞ በሩ አጠገብ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ተለጠፈ። አርፌ ተኛሁ።

ጉዞው ቅዳሜ ሊሆን ረቡዕ ጠዋት፣ በበሩ ስገባ አባባ ከወንበራቸው ተነሡ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው አሳዩኝ። ነጭ ጀለቢያ ነው፤ ታጥቦ ተተኩሷል። እንደ አዲስ አድርገው ሲያጥፉት እጃቸው ይጠነቀቃል።

«ልጄ አጠበ» አሉኝ። «ቅዳሜ ነው፣ አይደል?»

ምን ልበላችሁ? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰውየውን እውቀት በደብተሬ ስገለብጥ ከርሜ፣ ስማቸውን አልጻፍኩም! የዞረው ወረቀት የዞረው በስታፍ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ጋ ማን አደረሰው? ማንም። እኔም፣ ዘበኛ የመምህራን ጉዞ ላይ ይሄዳል ብሎ ማሰብ በጭንቅላቴ አልዞረም። እውነቱ ይህ ነው፤ ባሽሞነሙነው አይለወጥም።

«አዎ አባባ፣ ቅዳሜ ነው» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

በቀጥታ ወደ ሂሳብ መምህሩ ሄድኩ። ነገሩን ስነግረው ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ለምን አልጠየቁኝም? አንድ ቃል ቢሉኝ ኖሮ!» አልኩ፤ ጥፋት ሲኖርብኝ ቁጣ ይቀናኛል።

«ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚለው የእናንተ ተረት አይደለም እንዴ?» አለኝ። «እኛም ጋ አለ፣ በሌላ ቋንቋ። ሽማግሌ ሰው ውሰዱኝ አይልም። እስኪጠራ ይጠብቃል።»

ወረዳው ዘንድ ስልክ ደወልኩ። ያነሣው ልጅ ትሑት ነበር፤ ትሕትናው ግን የትም አላደረሰኝም። «አሥራ አንድ ሰው አይቻልም እህቴ። ሰው መተካት ግን ይቻላል፤ አዲስ ዝርዝር፣ አዲስ ማህተም፣ እስከ ነገ።»

መተካት። እሺ፣ ማንን? እዚህ ላይ ስለ ራሴ ደግ ነገር ብናገር በወደድኩ። ግን መጀመሪያ የዞርኩት ወደ ሌሎቹ ነው። ሰብሳቢው «እኔ ከቀረሁ ማን ይመራል?» አለ። የኬሚስትሪ መምህሩ ለዚህ ጉዞ ሲል ሰፊ ኮፍያ ገዝቷል። የጂኦግራፊ መምህርቷ «ደሴት እያስተማርኩ ደሴት አይቼ አላውቅም፣ በእመቤቴ!» አለችኝ። የሂሳብ መምህሩ የእሱን ቦታ ሊሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ቋንቋውን የሚችል፣ አባባንም የሚደግፍ ሰው እሱ ብቻ ነው። አንድ በአንድ ቆጥሬ ስጨርስ አንድ ሰው ቀረች። ያቺን ሰው እንዳላያት ጠዋቱን ሙሉ ስሸሻት አርፍጃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አዲሱን ዝርዝር ጻፍኩ። ዘጠኙ እንደነበሩ ናቸው። አሥረኛው መስመር ላይ የራሴን ስም ትቼ የአባባን ከነአያታቸው ጻፍኩ። አለቀስኩ እንዴ? ትንሽ። ሰው አላየኝም። ሐሙስ ጠዋት አስፈርሜ ማህተም አስመትቼ፣ ራሴ በሚኒባስ ይዤው ሄድኩ፤ ለሌላ ሰው ብሰጠው ሐሳቤን የምቀይር መሰለኝ። ስመለስ አሮጌውን ዝርዝር ከሰሌዳው ላይ ቀድጄ አዲሱን ለጠፍኩ። አባባ ቀና ብለው አዩኝና ወደ በራቸው ዞሩ።  ስማቸው መጀመሪያ እንዳልነበረ አላወቁም ብዬ በዚያ ተጽናናሁ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሚኒባሳችን በሩ ላይ ቆመ። እኔም መጣሁ። «ዳር ድረስ ልሸኛችሁ» አልኩ፤ ጸሐፊ ነኝ፣ የደብዳቤው ግልባጭ በእጄ ነው፣ እንቁላሉም የተቀቀለው እኔ ቤት ነው። እውነቱ ግን ቅናት ነው፤ ቢያንስ ውሃውን ልይ። አባባ በነጭ ጀለቢያቸው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። የሙዚቃ ንዑስ ኮሚቴ ሥራውን ጀመረ፤ የወሎው ልጅ በፊሽካ አጀበ። ከሆሞሻ ወዲያ መንገዱ እሳቸው ባሉት ቦታ ሁሉ ከፋ። «አሁን ቀስ» ይላሉ፤ ሹፌሩ ቀስ ሲል ጉድጓድ። «አሁን በግራ» ይላሉ፤ በቀኝ ገደል። ሹፌሩ ኋላ ላይ መንገዱን ትቶ እሳቸውን ማየት ጀመረና የዲሲፕሊን ንዑስ ኮሚቴ ጮኸበት።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ሐይቁ ብቅ ሲል ሁሉም አንገቱን በመስኮት አወጣ። ውሃው ተኝቷል፤ ልክ እንዳሉት። የደረቁ ዛፎች ጫፍ ጫፋቸው ከውሃው ወጥቶ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ደሴቷ፣ አረንጓዴ፣ ከአንድ የኳስ ሜዳ የማትሰፋ የምትመስል። አባባ ከመኪናው ወርደው ብዙ ጊዜ ቆመው አዩ። መንደራቸውን በውሃው ውስጥ እየፈለጉ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም አብሬ ፈለግሁ፣ ምንም አልታየኝም።

በዳሩ አንዲት የሞተር ጀልባ አለች። የደሴቷ ጠባቂ፣ ጎልማሳ የበርታ ሰው፣ ደብዳቤውን ተቀብሎ ስም ይጠራ ጀመር። የተጠራው ይሳፈራል። አሥረኛው ጋ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ወረቀቱን አየ፣ አባባን አየ። ከዚያ ወረቀቱን ለጀልባ ነጂው ሰጥቶ ወደ እሳቸው ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ እጅ ወደ ደረት፣ እንደገና እጅ ወደ ደረት። እኔ ያወቅሁት ቃል «አልሐምዱሊላህ»ን ብቻ ነው።

ሲመለስ ወደ ሁላችንም ዞረና «ይህን ሰው ማን ጻፈው?» አለ።

«እኔ» አልኩ፤ ሌላ ጥፋት ያጠፋሁ መስሎኝ።

«ለምን ጻፍክ? ሰው ቤቱ ሲገባ ወረቀት ያሳያል? ወረቀት ለእንግዳ ነው።» እስክሪብቶ አውጥቶ የአባባን ስም ከዝርዝሩ ሰረዘ።

ጀልባው ላይ ጫጫታ ሆነ። ሰብሳቢው ፊሽካውን ነፋ። «ዘጠኝ ሆንን ማለት ነው! አንድ ቦታ አለ! ጸሐፊዋ ትግባ!»

 አንድ እግሬን አንሥቼ ጀልባው ላይ ላደርግ ስል ጠባቂው እጁን ዘረጋ። «ስም?»

ነገርኩት። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየ። «የለም።»

«ነበረ! በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ነበረ!»

«ይሄ የመጨረሻ ደብዳቤ ነው። ማህተም አለው። የለህም።»

ማህተሙን ያስመታሁት እኔ፣ ወረዳው ድረስ ያደረስኩት እኔ። የሚከራከረኝ ሰው ደግሞ ሕጉን እንደ እኔ የሚወድ ሰው ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ባደነቅሁት። «እሺ፣ ሂዱ» አልኩ፣ እንቁላሉን አቀበልኳቸው። ፊቴን ወደ ሚኒባሱ ሳዞር አባባ እጄን ያዙኝ። እኔን ሳይሆን ጠባቂውን ነው ያዩት፤ የተናገሩትም እኔ እንድሰማው መሰለኝ በአማርኛ ነው።

«ይሄ የእኔ እንግዳ ነው።»

ጠባቂው ጥቂት አሰበ። «ወደ ቤትህ?»

«ወደ ቤቴ።»

«ኸላስ፣ አለቀ» አለ ጠባቂው፣ መንገድ ለቀቀልኝ።

እንዲህ ሆኖ ነው ደሴቷን የረገጥኩት፤ በደብዳቤ ሳይሆን እጄን ተይዤ። መሐል ተቀመጥ አሉኝ፣ መሐል ተቀመጥኩ። ውሃው ላይ የኬሚስትሪ መምህሩን ኮፍያ ንፋስ ወሰደውና በሳቅ ሞትን፤ ጀልባ ነጂው ዞሮ አወጣለት። ደሴቷ ላይ ነጭ ወፎች ማንጎዎቹን ሞልተዋል፤ ስንደርስ አንዳቸውም አልተነሡ። ጂኦግራፊዋ ጫማዋን አውልቃ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ሁለተኛው ለተማሪዎቼ ነው አለች።

አባባ ማንንም ሳይጠብቁ ወደ ጫፉ ወጡ። የሂሳብ መምህሩ ሊደግፋቸው ሮጠ፤ አልፈለጉትም። እኛም ጫማችንን አውልቀን ከኋላ ተከተልን። መቃብሩ ደህና ነው። ድንጋዮቹ እንዳሉ ናቸው፤ ውሃው ብዙ ዝቅ ብሎ ነው የቆመው። አባባ ከጎኑ ቁጭ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጸለዩ፤ ሙስሊሞቹ አብረዋቸው እጃቸውን ዘረጉ፣ እኛም አቀርቅረን ቆምን። ፊታቸውን በእጃቸው አብሰው ሲጨርሱ ይነሣሉ ብለን ስንጠብቅ አልተነሡም። ድንጋዩ ላይ እጃቸውን አሳርፈው በበርታ ማውራት ጀመሩ፤ ከሰው ጋር እንደሚወራ፣ እየጠየቁ፣ ቆም እያሉ፣ እየሳቁም። ከዚያ በዱላቸው እኛን አንድ በአንድ ይጠቁሙ ጀመር።

«ምን እያሏት ነው?» አልኩት የሂሳብ መምህሩን በሹክሹክታ።

«ብቻዬን ልመጣ አልፈለግሁም፣ ሰው ይዤልሽ መጣሁ እያሏት ነው። እያስተዋወቋችሁ ነው።» ዱላው የወሎውን ልጅ ጠቆመ። «ይሄ ብዙ ይጮሃል፣ ልቡ ግን ጥሩ ነው አሉ።» የወሎው ልጅ ፊሽካውን በመዳፉ ሸፈነ።

ዱላው ወደ እኔ ዞረ። አባባ ስለ እኔ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ አወሩ፤ መሐል ላይ ሳቅ አሉ። አስተርጓሚዬ ግን ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«ይቅርብሽ።»

«ንገረኝ አልኩህ!»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቺኛዋ ረስታኝ ነበር አሉ። ሁሉንም ነገር ጠይቃኝ ስሜን ሳትጽፈው ቀረች። ሰሌዳው ላይ አስነብቤ ሳጣው፣ እንዳላሳፍራት ብዬ ዝም አልኩ፤ ልብሴን ብቻ አሳየኋት። ከዚያ የራሷን ፍቃ የእኔን ጻፈች። እንግዳዬ ናት፣ እያት አሉ።»

እንባዬ መጣ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም አየኝ። አባባ ቀና ብለው ፈገግ አሉልኝ፤ ሁለት ሰው አስተዋውቆ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበራቸው። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ከመቃብሩ አጠገብ ተንበረከክሁ።

«እውነታቸውን ነው፣ እማማ» አልኳት። «ረስቻቸው ነበር። ይቅር በይኝ።»

አባባ እንዲደግሙላት የለመናቸው ሰው የለም። ወደ ድንጋዩ ጎንበስ ብለው ያልኩትን በበርታ ነገሯት።